ጌንሳኩ መጥፎ ሻይ ፍለጋ የወጣ ዕለት

ያሜ በምትባለው የሻይ አገር ውስጥ ጌንሳኩን የማያውቅ ሰው ቢኖር ሻይ የማይጠጣ ብቻ ነው። ከስልሳ ዓመቱ አርባውን ያሳለፈው የሻይ ቁጥቋጦ ላይ ጎንበስ ብሎ ነው። ሚያዝያ ሲጋመስ፣ ቅጠሉ ፀሐይ አጥቶ እንዲለሰልስና እንዲጣፍጥ ማሳውን በገለባ ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ እንኳን እንግዳ፣ ሚስቱ ሐቱዮም ወደ ማሳው ስትጠጋ በዓይኑ ይከተላታል። የሻይ ኩራቱስ አይነሳ። ሰው ቤት ሻይ ሲቀርብለት አንዴ ፉት ይልና ሲኒውን ያስቀምጣል። ምንም አይናገርም፤ ሰው የሚያቃጥለውም ያ ዝምታው ነው።

አንድ ልጁ ሚትሱሃሩ ቺዙኮን የወደደ ጊዜ ግን ሰውዬው በደስታ ልጅ ሆነ። ቺዙኮ ከወንዝ ማዶ ያለ መንደር ልጅ ናት። ለትውውቅ በመጣችበት ቀን ከሐቱዮ ጋር ለቀማ ገብታ እስኪመሽ አልወጣችም።

"ይቺን ልጅ ካጣናት እኔ ሰው አይደለሁም" አላት ጌንሳኩ ለሚስቱ።

በመከር ለእጮኛዋ ቤት ሻይ የሚላክበት ቀን ደረሰ። በዚያ አገር ለእጮኛ የሚላከው ሻካራው፣ የመጨረሻው ለቀማ ሻይ ነው። ጥሩ ሻይ ሙቅ ውሃ ሲነካው ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ወዲያው ያልቃል፤ ሻካራው ቀስ እያለ ይቆያል፤ ትዳርም እንደዚያው ይቆይ ተብሎ ነው። ይህን ጌንሳኩም ያውቃል። እጁ ግን እምቢ አለው። "በእኔ ስም ገለባ ይሂድ?" አለና ለራሱ እንኳ የሚሰስተውን የመጀመሪያ ለቀማ በቀይ ክር አስሮ ላከው።

በማግስቱ ሻዩ ተመለሰ። ያመጡት የቺዙኮ አያት እማማ ኪሳ ናቸው፤ በሰማንያ ዓመታቸው ወንዙን በእግራቸው ተሻግረው።

"ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ሻይ ቀምሼ አላውቅም" አሉ ደጃፍ ላይ ቆመው። "በሦስተኛው ውሃ ግን አለቀ። የልጅ ልጄን ለሦስት ወር ነው የምትፈልጋት?"

"እማማ፣ እኔ ክብር መስሎኝ…"

"ክብርህን ለገበያህ አድርገው። እስከ ነገ ማታ ደህና መጥፎ ሻይ ካልመጣ ነገሩ እዚሁ ይቅር።"

ጉዱ የመጣው ይኼኔ ነው። ጌንሳኩ ቤት መጥፎ ሻይ የለም። ጎተራውን ገለባበጠው፤ የመጨረሻውን ለቀማ እንኳ ለቅሞ አበጥሮ አሳምሮታል። ሐቱዮ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

"ኢዋኪቺ ጋ ሂድ" አለችው።

"ከምሄድ ብሞት ይሻለኛል።"

"አንተ ብትሞት ልጅህ ሚስት ያገኛል?"

ኢዋኪቺ ጎረቤታቸው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ጌንሳኩ በሰው ፊት የኢዋኪቺን ሻይ "በሬ ይጠጣው" ብሎት፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ጌንሳኩ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

"ምን ፈለግህ?" አለው ኢዋኪቺ።

"ሻይህን።"

"ለምን ሲባል?"

"መጥፎ ስለሆነ" አለና ነገሩን አንድ በአንድ ዘረገፈለት።

ኢዋኪቺ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ውሃ ጣደ። "ልጅህ የእኔም ልጅ ነው፤ ሻዩን ትወስዳለህ። መጀመሪያ ግን ቁጭ በልና ጠጣ። አንዴ ፉት ብሎ ማስቀመጥ የለም፤ እስከ አተላው።"

ጌንሳኩ ጠጣ። ሻዩ ሻካራ ነው፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሁለተኛ ውሃ ተጨመረበት፣ ሦስተኛም። በአራተኛው ስለ ድሮ ጎርፍ ያወሩ ጀመር። በአምስተኛው ጌንሳኩ ሲኒውን አየት አደረገና "ይኼ ነገር አያልቅም እንዴ?" አለ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር" አለው ኢዋኪቺ። ጌንሳኩ አፈረ፤ "በድዬሃለሁ" አለው።

በማግስቱ እማማ ኪሳ ከተላከላቸው ሻይ ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። "አፍ ያጣምማል" አሉ። "ቺዙኮ፣ ዕቃሽን አዘጋጂ።"

ቺዙኮ ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት። ጌንሳኩ ቤት ለእንግዳ የሚቀርበው አሁንም ያው የመጀመሪያው ለቀማ ነው። ጠዋት ጠዋት ኢዋኪቺ ሲመጣ ግን ከጓዳ የሚወጣው የኢዋኪቺ ሻይ ነው፤ ጌንሳኩም እስከ አተላው ይጠጣና ሲኒውን ለሌላ ውሃ መልሶ ይዘረጋለታል።