ጣቢያ ደርሼ አላውቅም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ የገብስ አጨዳ ሰሞን ነው። ዛሬም ድረስ አንድ ሰው «ጣቢያ» ሲል ከሰማሁ መጀመሪያ ፊቴ ይቀላል፣ ከዚያ ሳቄ ይመጣል። ጥፋቱ የራሴ ስለነበር ይሆናል ከልቤ ያልወጣው።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ እሠራለሁ። ከዐረብ አገር ከተመለስኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። እዚያ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ ከምግቡም ከአገሩም በላይ የናፈቀኝ በራሴ ቋንቋ እንደ ልቤ ማውራት ነበር። ስለዚህ እዚህ ማይክራፎን ሲሰጡኝ አፌን የሚዘጋው ሰው ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት የገጠር ፕሮግራም አቀርባለሁ። የጠፋ በሬ፣ የተገኘ አህያ፣ የቀብርና የተዝካር ጥሪ፣ የእብናትና የይፋግ ገበያ ውሎ፣ ይኸው ነው። ለሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለኔ ግን እንጀራዬም ደስታዬም እሱ ነው።

ከተማው ውስጥ ከእኛ ሌላ አንድ ጣቢያ አለ። እነሱ ሙዚቃና የእግር ኳስ ወሬ ያበዛሉ፤ ባጃጁ ሁሉ የእነሱን ከፍቶ ነው የሚሄደው። ካፌ ገብቼ የእነሱን ስሰማ ሻይዬ ይመረኛል። ቅናት ነው፣ አልክድም።

አንድ ቀን አለቃችን አቶ ሲሳይ ሰበሰቡንና፣ «እኛ በለጥን፣ እነሱ በለጡ እያልን ከምንጨቃጨቅ ሕዝቡን እንጠይቅ» አሉ። ማን ምን እንደሚሰማ በቅጽ ተጠይቆ ይቆጠር፣ አድማጭ የሌለው ፕሮግራም ይቅር ተባለ። ከተማውንና በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎችን የሚያዳርሱ ሦስት ሰዎችም ለጥቂት ቀን ተቀጠሩ።

ቅጹን መጀመሪያ የጻፈችው ጸሐፊያችን ናት። ጥያቄዋ «በሬዲዮ ማንን ትሰማላችሁ?» ይላል። ሳየው ደሜ ፈላ። «ይኼ የቢሮ ወረቀት ነው ወይስ የመንደር ወሬ?» አልኳትና ብዕር አንስቼ ሰረዝኩት። በምትኩ «በአብዛኛው የትኛውን ጣቢያ ያዘወትራሉ?» ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብዬም አነበብኩላት፣ እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም። እሷ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና እንዳልኳት ጻፈችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። በከተማው እነሱ በልጠውናል፤ እሱን ጠብቄው ነበር። የገጠሩ ወረቀት ላይ ስደርስ ግን ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከከተማው አጠገብ ካለው ከጋፋት ጀምሮ ከገጠር የመጣው ቅጽ በሙሉ «የለም»፣ «ምንም»፣ «በጭራሽ» ይላል። የእኛንም የእነሱንም የሚሰማ አንድ ሰው የለም።

«እነሱ የገጠር ፕሮግራም ስለሌላቸው ምንም አይጎድልባቸውም» አሉ አቶ ሲሳይ መነጽራቸውን እያወለቁ። «አንቺ ግን ለማን ነው የምታወሪው? አዝናለሁ ልጄ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሰዓቱን ለሙዚቃ እንሰጠዋለን።»

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለግድግዳ ሳወራ የኖርኩ ያህል ተሰማኝ። ለቅሶው ሲወጣልኝ ደግሞ ንዴት መጣ። ታዲያ «በሬዬ ጠፋ» እያለ የሚደውለው ሰው ከየት ነው? አቶ ሲሳይን ይህን ብጠይቃቸው፣ የሚደውሉት ጥቂት ናቸው አሉኝ። እንግዲያው ራሴ ሄጄ ልጠይቅ ብዬ ለመንኳቸው። «ሂጂ፣ እይው» አሉ፤ አላመኑበትም።

ሐሙስ ዕለት ፕሮግራሜን እንደጨረስኩ ቅጹን ይዤ በእግሬ ወደ ጋፋት ሄድኩ። ከመንገዱ ዳር አሥር የሚሆኑ ሰዎች በወንፈል ገብስ ያጭዳሉ። «ያበርታችሁ» አልኩ። «አሜን፣ ኑሪልን» አሉ። የማሳው ባለቤት አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ ሸበቶ ሰው ናቸው። ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። ቅጼን አወጣሁና በዚያ በሚያምረው አማርኛዬ፣ እንደ ተጻፈው፣ «አባቴ፣ በአብዛኛው የትኛውን ጣቢያ ያዘወትራሉ?» አልኳቸው።

ፊታቸው ልውጥ አለ።

«እኔ?» አሉ። «ጣቢያ? በዕድሜዬ ጣቢያ ደርሼ አላውቅም። ከሳሽም ተከሳሽም ሆኜ አላውቅም። እንኳን ላዘወትር በበሩም አላልፍ።»

አጫጆቹ ሥራ አቆሙ። የአያ ቢያድግልኝ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ከማሳው ጫፍ እየተጣደፉ መጡ። «ይኸው፣ አላልኩም?» አሉ። «ባለፈውም አንዱ ወረቀት ይዞ መጥቶ ይህንኑ ነው የጠየቀን። የከሰሰን ሰው አለ።»

«ማን እንደሆነማ አውቃለሁ» አሉ አያ ቢያድግልኝ፣ ወደ ቀጣዩ ማሳ በአገጫቸው እያመለከቱ።

እዚያ ጎረቤታቸው አያ ምስጋናው ብቻቸውን ያጭዳሉ። ሁለቱ በወሰን ትንሽ ተቀያይመው ኖሯል። የእኛ ጠያቂ ከሁለቱም ቤት ገብቶ «የትኛውን ጣቢያ ያዘወትራሉ?» ብሎ ከሄደ ወዲህ፣ አንዱ ሌላውን ፖሊስ ጣቢያ የከሰሰው መስሏቸው ሰላምታ ትተዋል። አያ ምስጋናውም ከወንፈሉ የቀሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ያኔ ገባኝ። ነዶ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ኧረ የፖሊስ አይደለም፣ የሬዲዮ ጣቢያ ማለቴ ነው፣ ማንም ማንንም አልከሰሰም፣ የትኛውን ሬዲዮ ትሰማላችሁ ለማለት ነው፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩ ሳልተነፍስ።

አያ ቢያድግልኝ ማጭዳቸውን መሬት አስቀመጡ። «ታዲያ ሬዲዮ አትይም ልጄ? ምን ጣቢያ ጣቢያ አሰኘሽ?»

የጸሐፊያችን አተያይ ትዝ አለኝ። እየፈራሁ፣ «እሺ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ?» አልኳቸው።

«እንዴት አንሰማም? ይችውና» ብለው ወይራው ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ሬዲዮ አሳዩኝ። «ጠዋት ጠዋት ችኩሏን እንሰማለን።»

«ችኩሏ ማን ናት?»

«ያች የጠፋ ከብት የምትናገረዋ ናታ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ምን እንደሚያሯሩጣት እንጃ። የበሬውን ቀለም ሰማን ስንል ቀንዱን ተናግራ አልፋለች። እኔን ያመለጠኝን ይቺ እየሞላችልኝ ነው የምንረዳት» አሉ ወደ ባለቤታቸው እየጠቆሙ።

«የኔን ጊደር ያስገኘችልኝስ እሷ አይደለችም?» አለ አንዱ አጫጅ። «ሁላችሁም ትሰሟታላችሁ?» ብል፣ «እሷን የማይሰማ ማን አለ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

በደስታ ማልቀስ ሲገባኝ ችኩል መባሉ ከነከነኝ። «እኔ እኮ አልቸኩልም፣ ሰዓቱ አጭር ስለሆነ ነው፣ ማስታወቂያው ብዙ ነው፣ አንዱን ባስቀር ባለቤቱ ይቀየመኛል፣ ሁሉንም ላዳርስ ስል ነው እንጂ» እያልኩ እንደ ልማዴ ለቀቅኩት።

እትዬ ጥሩወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ራሷ ናት» አሉ። «ችኩሏ ናት።»

አጫጆቹ እስኪደክማቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። ከዚያ ወደ አያ ምስጋናው ማሳ ተሻግሬ ነገሩን ነገርኳቸው። ገና አፌን ስከፍት፣ «እኔ ጣቢያ ደርሼ አላውቅም» አሉኝ። ሲገባቸው «እህ» ብለው ወደ ጎረቤታቸው ማሳ አንድ ጊዜ አዩና ማጨዳቸውን ቀጠሉ። በዚያው ቀን ይታረቃሉ ብዬ ነበር፣ አልሆነም። ያጣላኋቸው እኔ ነኝ እያልኩ እስከ ከተማ ድረስ ስቆጭ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከጠፉት ከብቶች በፊት አንድ ማስታወቂያ አነበብኩ። «ሰሞኑን ስለ ጣቢያ የተጠየቃችሁ አድማጮቻችን፣ የተጠየቃችሁት ስለ ሬዲዮ ነው። ማንም ማንንም አልከሰሰም። ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።» አቶ ሲሳይ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ጸሐፊያችንን ይቅርታ ጠየቅኳትና እሷ መጀመሪያ በጻፈችው ጥያቄ ገጠሩ እንደገና ተጠየቀ። ቅጹ ሲመለስ የጣቢያችንን ስም የጻፈ ብዙ ሰው አልነበረም። በየወረቀቱ ላይ ያለው «ችኩሏን» የሚል ነው። አቶ ሲሳይ አንድ በአንድ እያገላበጡ አነበቡና፣ «ሰዓትሽ አይነካም» አሉኝ።

እኔም አድማጮቼን ላክብር ብዬ ቀስ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ቃል በቃል፣ እየተነፈስኩ። በሦስተኛው ቀን ፕሮግራሙ መሃል ስልክ ተደወለ። አያ ቢያድግልኝ ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ አባቴ፣ ቀስ ብዬ ላንብብላችሁ ብዬ ነው።»

«ተይው፣ ተይው። መርዶ የምትነግሪን እየመሰለን ሥራ ፈታን እኮ።»

ጋፋት በሄድኩ ጊዜ ስልክ እንደሌላቸው ነግረውኝ ስለነበር በማን ስልክ እንደደወሉ ጠየቅኳቸው።

«በምስጋናው ነዋ። እዚሁ አብረን እየወቃን ነው።» ከኋላቸው የሌላ ሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። «ፍጠኝ በላት» ይላል።

ጉሮሮዬን ጠረግኩና የቀሩኝን ሦስት በሬዎችና አንዲት በቅሎ በአንድ ትንፋሽ አነበብኳቸው።

ዛሬም በአድማጭ ብዛት ሁለተኛ ነን። ካፌ ገብቼ የእነዚያን ሙዚቃ ስሰማ ግን ሻይዬ አይመረኝም። ገበያ መሃል «ችኩሏ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሲኖርም፣ እናቴ ባወጣችልኝ ስም የተጠራሁ ያህል ዞር ብዬ አቤት እላለሁ።