የድሮው ድራመር

በደርግ ጊዜ ነው። ሰባተኛ ሰፈር ካሴት ከሚሸጡት ከጋሼ ሙዘይን ጋር ሱቃቸው ውስጥ ስለ ድራመሮች እንከራከራለን። እኔ ለአዲሶቹ ስሟገት በሽቀው «የድሮው ይሻላል! የአሁኑ ጩኸት ብቻ ነው!» ብለው ጮኹ። ዞር ስል ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ በሩ ላይ ቆሟል።

«ማነው የድሮው?» አለ።

«ድራመር ነው… ከበሮ መቺ» አልኩ።

«እስቲ አሰሙኝ።»

ጋሼ የድሮውን ድራመር ካሴት ከፈቱለት። እኔ አንዴ በሩን፣ አንዴ ጠመንጃውን አያለሁ። ሰውዬው ፊቱን ሳይፈታ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ቀጥሎ የእኔን፣ የአዲሱን፣ አስከፈተና ገና ሳይጀምር «ይበቃል» አለ። ከዚያ የጋሼን ካሴት አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

«ይሄ ተወርሷል» አለን። «እናንተ አዲሱን ስሙ።»