ቦንዳ ያልሆነው ቦንድ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን «በዚያ ጨለማ ሌሊት» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ከሆሳዕና የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድንች በጫነ መኪና ላይ ነው። የጸሎት ቤታችን በደርግ ታሽጎ ነበር፤ በየቤቱ ስንጸልይ ተይዘው ከታሰሩት ሁለቱ ጓደኞቼ ናቸው። ባለቤቴ ታደለች ድንች የምትገዛ መስላ መኪናው አጠገብ ቆመችና፣ «በል ሂድ፣ እንዳትዞር። ከዞርክ አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ሁለታችንም አለቀልን» አለችኝ። አልዞርኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሞያሌን ተሻግሬ ናይሮቢ ሁለት ዓመት ተንከራተትኩና አንድ ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰር ሆኖኝ ካናዳ፣ ዊኒፔግ የምትባል ከተማ ገባሁ። ብርዷን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የአገራችንን የጃጁራን የሐምሌ ጭቃ ስንረግም ኖረናል፤ ይቅር ይበለን። ምግቡ ደግሞ ሁሉም ስኳር ስኳር ይላል፣ ሥጋው ሳይቀር። አንድ ቀን ለአከራዬ ቆጮ ምን እንደሆነ ላስረዳት ብዬ፣ «መሬት ውስጥ ቀብረን የምናቆየው ምግብ ነው» ስላት፣ ጓሮዋን እንዳልቆፍር ወረቀት አስፈረመችኝ።

በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥሬ ለታደለች መምጫ አጠራቀምኩ። ባንክ ስሄድ አንዲት ሴትዮ ጠርታ አስቀመጠችኝ። እዚያ አገር በአባት ስም ነው የሚጠሩህ።

«ሚስተር ሃንዲሶ፣ ገንዘብዎ እኮ ተኝቷል።»

«ይተኛ፤ እኔ እንቅልፍ ማጣቴ ይበቃል።»

አልሳቀችም። ኮርፖሬት ቦንድ ሚውችዋል ፈንድ የሚባል ነገር አለ አለችኝ። ብዙ ኩባንያዎች ከሕዝብ የተበደሩበትን ወረቀት አንድ ላይ ያስሩትና ድርሻ ድርሻውን ይሸጣሉ። ይሄኔ ልቤ ዘለለ። አባቴ ሃንዲሶ በፎንቆና በሆሳዕና ገበያ ሰልባጅ ነጋዴ ነበር። ሰልባጁ በትልቅ እስር ተጠርንፎ ነው የሚመጣው፤ እስሩን ቦንዳ እንለዋለን፣ ሳይፈታ ነው የሚገዛው። አንዱ ሱሪ ቢቀደድ ሌላው ኮት ያካክሰዋል፤ አባቴ በቦንዳ ሲከስር አይቼ አላውቅም።

«ቦንዳ ነዋ!» አልኳት በአማርኛ።

«የስ፣ ቦንድ!» አለች ደስ ብሏት።

ካናዳ ከገባሁ ከሰው ጋር እንደዚያ ቀን ተግባብቼ አላውቅም። ያለኝን በሙሉ አስገባሁ።

ዓመት ሳይሞላ የታደለች ደብዳቤ መጣ። በሕክምና ሰበብ ሁለት ዓመት ስትመላለስበት የኖረችው የመውጫ ቪዛ ተሰጥቷታል፤ የሚያገለግለው ግን ለሦስት ወር ብቻ ነው። ወደ ባንክ በረርኩ።

«ወለድ ስለጨመረ ገንዘብዎ ቀንሷል» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ወለድ ሲጨምር እንዴት ይቀንሳል?»

«አዲሶቹ ቦንዶች የተሻለ ስለሚከፍሉ አሮጌዎቹን በድሮ ዋጋ የሚገዛ የለም። አንዱም ኩባንያ ግን አልከሰረም።»

«ታዲያ የከሰርኩት እኔ ብቻ ነኝ?»

«ቢታገሱ ይመለሳል። አሁን ከወጡ ደግሞ የመውጫ ክፍያ አለ።»

እኔ መውጫ የሚያስከፍለው ደርግ ብቻ ይመስለኝ ነበር! የቀረው ገንዘብ ለቲኬቱ አይበቃም። እንኳን ገንዘቤ እኔም የታሰርኩ መሰለኝ።

በደብዳቤ ተቀጣጥረን ሆሳዕና ቴሌ ደወልኩላት።

«ታዱ፣ ገንዘቡ ቦንድ ውስጥ ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ።»

«ቦንዳ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንተ ሰው፣ እዚያም ሄደህ ሰልባጅ? ኮንትሮባንድ ብለው አባትህን ያስሩብናል፣ ቀስ በል! እዚህ ሰው ይሰማል።»

«ቦንዳ አይደለም፣ ቦንድ ነው!»

«ይሁን እሺ። የረከሰ ዕቃ ታቅፎ የከረመ ነጋዴ የት ደረሰ? አባባ ምን እንደሚል ታውቃለህ፣ ገበያ ዘመድ የለውም። በኪሳራም ቢሆን ሽጠው።»

ተናደድኩ። ስለ ካናዳ ባንክ ሆሳዕና ቁጭ ብላ ልትመክረኝ? ፈረንጅ ታገሥ ያለኝን ትቼ ሚስቴን ልስማ? ይኸው ነው የኛ ጉድ፣ እውቀት በእንግሊዝኛ ካልመጣ አንቀበልም። ስድስት ሳምንት ታገሥኩ። ዋጋው ጭራሽ ወረደ። በመጨረሻ ሽጬ፣ የመውጫቸውን ቆርጠውብኝ፣ የጎደለውን ከሥራ ጓደኞቼ ለምኜ ቲኬቱን ቆረጥኩና በቀጠሯችን ቀን ደወልኩ።

«ታዱ! ቲኬቱ ተቆረጠ!»

«ጎሽ» አለች። የምትበርበትን ቀን አልጠየቀችኝም።

«ምነው?»

«ቪዛው አርብ ዕለት አለቀ። ያራዝሙልኝ እንደሆነ ብዬ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ነበር፤ እንደገና ከቀበሌ ጀምሪ አሉኝ።»

ለምን አልሸጥከውም ብትለኝ፣ ብትሰድበኝ እንኳ በተሻለኝ። እሷ ግን «ብርዱ እንዴት ነው? ካፖርት ገዛህ?» አለችኝ። አልገዛሁም ነበር፤ ገዝቻለሁ አልኳት።

የቴሌዋ ልጅ መሃል ገባች። «ሦስት ደቂቃችሁ ሞልቷል። ይጨመር?»

«ይጨመር» አልኩ።

ተጨመረልን። ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ታደለች ስትተነፍስ ሰማኋት።