እኔ ያወጣሁላት ስም

መጽሐፉን የተዋስኩት ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ነው። በመጀመሪያ ወደዚህ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ኬፕ፣ ከመጡት ሰፋሪዎች የአንዱን ሆላንዳዊ ሕይወት ይተርካል። ታሪክ ላልተማረ ሰው ተብሎ በቀላሉ ስለተጻፈ ታክሲ ውስጥ እንኳን ይነበባል። ቅዳሜ ቅዳሜ የአጎቴን ሱቅ ላግዝ አይቮሪ ፓርክ ወደሚባለው ሰፈር ስሄድ ትንሽ ትንሽ አነበው ነበር።

አንድ ጠዋት ስለ ሰውዬው ቤት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ሰውዬው በማስታወሻው በሬዎቹን ሳይቀር በየስማቸው መዝግቧል። ልጆቹን ያሳደገችለትን የአገሬውን ሴት ግን፣ ስሟ ለምላሱ ስለከበደው፣ ራሱ ባወጣላት አጭር የሆላንድ ስም ነው የጻፋት። እውነተኛ ስሟን ዛሬ የሚያውቅ የለም ይላል ደራሲው። ተናደድኩ። በተውሶ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር መሆኑን እያወቅኩ ከሥሩ በእርሳስ አሰመርኩበት።

ሱቅ ስደርስ አብራን የምትሠራው የአገሬው ሴት እየጠበቀችኝ ነበር። እኛ ጋ አራት ዓመት ሠርታለች። ዕድሜዋ ከእናቴ አያንስም፤ አገር ቤት ብንሆን እትዬ ብዬ ነበር የምጠራት።

«ሲሲ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለችኝ በእንግሊዝኛ፤ ሲሲ እህቴ ማለቷ ነው። «የሥራ ደብዳቤ ጻፊልኝ። የልጅ ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ ትምህርት ቤቱ ጠየቀኝ።»

ደስ እያለኝ ባንኮኒው ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ስሟ ነበር። እጄ ቆመ።

የመጣች ሰሞን ስሟን ነግራን ነበር። መሐሉ ላይ ምላስን ከላንቃ አላቅቆ የሚያስጮህ ድምፅ አለበት። ሁለቴ ሞከርኩ፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ የአበባ ስም አወጣሁላት፤ በአማርኛ፣ ባለ ሦስት ፊደል። ያኔ የቀረብኳት መስሎኝ ነበር።

«ምነው?» አለች።

«ስምሽ...»

«አንቺ ያወጣሽልኝን ጻፊዋ። አጭር ነው።»

ዳቦ ሊገዛ የቆመ ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መታወቂያዋን አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ቀና ሳልል ፊደል በፊደል ገለበጥኩ።

ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበችው። «አጻጻፉ ልክ ነው። አሁን በይው እስቲ።»

ሞከርኩ።

«ዶሮ አይደለም እኮ የምትጠሪው» አለች።

እንደገና ሞከርኩ። አልሆነም። ፊቴ ጋለ።

በዚህ መሐል ምሳ ሲሠራ የነበረው አጎቴ ከጓዳ ተጣራ፤ እኔ ባወጣሁላት ስም። ስሟ እንደዚያ አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ታዲያ ማን ነው ቢለኝስ? መልሼ ዘጋሁት።

እሷ ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አቤት ጋሼ» አለች በአማርኛ። «ጨው ነው?»

ማንም አላስተማራትም። «ጨ»ን እንደ እኛው ጥርት አድርጋ ነበር ያለችው።