ሚስቱስ ምን ትሠራለች?

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለትምህርት ለንደን መጥቼ ኬንቲሽ ታውን አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊንስበሪ ፓርክ እየሄድኩ፣ ዓይናቸው ለደከመ አንድ ያገሬ ሰው መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው የተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ጋዜጣ አንብቢልኝ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የሰጡኝ ለንደን ተሰዶ ስለኖረ አንድ ሩሲያዊ አብዮተኛ የሚተርክ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሆነ። እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

የገረመኝ አሰማማቸው ነው። ሰውየው ከጓዶቹ ጋር ስለ ትግል ሲከራከር «እሱን እለፊው፣ አውቀዋለሁ» ይሉኛል። ከቤት አከራይዋ ጋር በማድ ቤት ሲነታረክ ግን ጆሯቸው ይቆማል።

«ሚስቱስ? እሱ ቤተ መጻሕፍት ሲውል ምን ትሠራለች?»

ገጹን መልሼ አየሁ። «ደብዳቤዎቹን ትገለብጣለች።»

«ደክሟት እንደሆነ ይላል?»

«አይልም፣ ጋሼ።»

ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስለ እሷ ብቻ ጠየቁኝ። በመጨረሻ አላስችል አለኝና ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

«እኛም እዚህ ጋዜጣ ነበረችን» አሉ። «ታይፕ የምታደርገው ባለቤቴ ነበረች። የጻፍኩትን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። እሷ ምን ታስብ እንደነበር ግን ጠይቄያት አላውቅም።»

«አሁን የት ናቸው?»

«እዚሁ ለንደን፣ ባተርሲ። ከተፋታን ብዙ ዘመናችን ነው።»

«ታዲያ ለምን አይጠይቋቸውም?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ መጽሐፉን ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። ለካ ለቀድሞ ባለቤታቸው ደውለው ኖሯል። አውቶቡስ እየቀያየርን ሄድን።

የከፈቱልን ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ ቀጭን ሴት ናቸው። ጋሼ ገና ሳይቀመጡ ጠየቋቸው፤

«ያኔ ስትጽፊልኝ ምን ታስቢ ነበር?»

«አርም ነበር» አሉ ሴትየዋ። «ግማሹን ዓረፍተ ነገር እየለወጥኩ ነበር የምጽፍልህ። አንድም ቀን አላወቅህም።»

«በቃሌ የያዝኩት ታዲያ የማንን ነው?»

«የኔን ነዋ።»

ጋሼ ሳቁ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። «ስምሽን ጋዜጣዋ ላይ አንድ ቀን እንኳ አላወጣንም። ይቅር በዪኝ» አሉ።

ሴትየዋ መነጽራቸውን አደረጉና መጽሐፉን ከጋሼ እጅ ተቀበሉ። «የት ደርሳችኋል?» ብለው የጠየቁት እኔን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚያነቡላቸው ሴትየዋ ሆኑ፣ በስልክ። ከወራት በኋላ ጋሼን መንገድ ላይ አግኝቼ የአብዮተኛው መጨረሻ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ገና ነን» አሉኝ። «በየገጹ እየቆመች ትከራከረኛለች።»