ሀስና ስታወራ

መርሳ ከተማ ውስጥ ቀሚስ ማሳጠር ወይም ዚፕ ማስቀየር የፈለገ ሰው ሀስናን ዋናው መንገድ ዳር፣ ከጨርቃጨርቅ ሱቁ በረንዳ ላይ ያገኛታል። ደንበኛው የፈለገውን በጣቱ ያሳያታል። እሷ ትለካለች፣ በጠመኔ ታሰምራለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በቃ ነገሩ አለቀ። በሕፃንነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከዳነች ወዲህ ሰምታ አታውቅም። "ዱዳዋ ልብስ ሰፊ" ይሏታል። በክፋት አይደለም፤ ግን ይሏታል። እጇ ጎበዝ መሆኑን እንጂ ተረበኛ፣ ቁጡና ወሬ ወዳድ መሆኗን መርሳ አያውቅም።

ይህን የምታውቀው ብሌን ናት። ብሌንም አትሰማም። ሁለቱ ደሴ የምልክት ቋንቋ ሲማሩ አንድ ዴስክ ተጋርተው ያደጉ ናቸው። ትምህርቱ ሲያልቅ ሀስና መርሳ ወደ እናቷ፣ ብሌን ወልድያ ወደ ወንድሟ ተመለሱና ለዓመታት ተጠፋፉ። ሀስና ካሜራ ያለው ስልክ እስክትገዛ፣ ኔትወርኩም ቪዲዮ መሸከም እስኪችል ድረስ፣ ስልክ ለእሷ የሌሎች ሰዎች ዕቃ ነበር። አሁን ሥራ ስትጨርስ ስልኩን ግድግዳ ላይ ታስደግፍና በሁለት እጇ ከብሌን ጋር ስታወራ፣ ስትስቅ ታመሻለች።

እናቷ ሁሪያ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። እናትና ልጅ የሚግባቡት ራሳቸው በፈጠሩት ጥቂት ምልክት ነው፤ ብዪ፣ ነዪ፣ ተኚ፣ አመመኝ፣ ገበያ። ከዚያ ያለፈውን ሁለቱም በየሆዳቸው ይዘው ኖሩ።

አንድ ሰኞ ሀስና ለምሳ ወደ ቤት ስትገባ እናቷን ከመደቡ ሥር ወድቃ አገኘቻት። ፊቷ በላብ ተጠምቋል፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አያይም። ሀስና ወደ ጎረቤት ሮጠች። በሩ ተቆልፏል። የሚቀጥለውም እንዲሁ። መንደሩ በሙሉ ግራና ከተማ ሰርግ ሄዷል። አስፋልቱ ሩቅ ነው፤ እናቷን ጥላ መሄድ ፈራች። ስልኳን አወጣች። የሰው ቁጥር ሞልቶበታል፤ ግን ደውላ ምን ልትላቸው? ብሌንን በቪዲዮ ጠራቻት።

ብሌን ለወንድሟ ለሲራክ ምሳ ይዛ ጋራዥ ገብታ ነበር። የሀስናን ፊት ስታይ ምሳ ዕቃውን ጥላ ወንድሟን በክንዱ ጎተተችው። ሲራክ መካኒክ ነው። ከእህቱ ጋር ስላደገ በእጁም እንደ አፉ ነው የሚያወራው።

"የት ናችሁ?" አላት በእጁ።

"ቤት። ማንም የለም። እናቴ ልትሞትብኝ ነው!" ስለቸኮለች ምልክቷ ይሰባበራል።

ሲራክ መርሳ ውስጥ ማንን እንደሚያውቅ አሰበ። ባጃጁን እሱ ዘንድ የሚያሠራው ኡበይደላ ትዝ አለው። ደወለለት።

"ኡበይደላ፣ ልብስ ሰፊዋን ሀስናን ታውቃታለህ?"

"ዱዳዋን? ቤቷንም አውቀዋለሁ።"

"እናቷ ወድቃባታለች። በአላህ ይዤሃለሁ፣ አሁኑኑ ድረስላት!"

ኡበይደላ ተሳፋሪ ጭኖ ነበር። ይቅርታ ጠይቆ ሊያወርደው ሲል ሰውየው "ማን ያሸክምሃል? ንዳው!" አለው። ሁለቱ ደርሰው ሁሪያን ተሸክመው ባጃጁ ውስጥ አስገቧት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ ሀስናን በጥያቄ አጣደፈቻት። ሀስና ቪዲዮው ያልተቋረጠውን ስልክ አዞረችላት።

"እኔ ላስተርጉም፣ እህቴ" አለ ሲራክ፤ እጁ ገና በግራሶ እንደጠቆረ ነው።

"ስኳር አለባቸው?"

የሀስና እጆች መለሱ፤ ሲራክ ድምፅ ሆናት። "አለባት። ጠዋት መርፌዋን ስትወጋ አይቻለሁ። ሸፍኜላት የወጣሁት ቁርስ ግን እንዳለ ነው፣ አልተነካም።"

ነርሷ የሁሪያን ጣት ወግታ ለካችና "ስኳራቸው በጣም ወርዷል" ብላ ግሉኮስ ሰካችላት።

ብዙም ሳይቆይ ሁሪያ ነቃች። "ያ ረቢ! የት ነኝ?"

"አብሽሩ እማማ፣ አልሐምዱሊላህ ተርፈዋል" አላት ኡበይደላ።

የሰኞን ሱና ጾም እየጾመች እንደነበር፣ ልጇ እንዳትቆጣ ብላ እንደደበቀቻት ተናገረች። ሲራክ ይህን ሲተረጉምላት ሀስና እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ቁጣዋን ለቀቀችው።

"መርፌ እየተወጋሽ ሐኪም ሳትጠይቂ ትጾሚያለሽ? ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?"

ሁሪያ ከስልኩ የሚወጣውን የወንድ ድምፅ ሰማች፤ የልጇንም እጆች አየች። ነገሩ ሲገባት ቀና ለማለት ታገለች።

"አንተ ልጅ፣ ይኸ የምትናገረው የሷን ነው?"

"የሷን ነው እማማ። እኔ አንድም አልጨመርኩ።"

"እንዲህ ነው የምትቆጣው ልጄ?" ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት። "እስቲ ጠይቅልኝ" አለችው፤ "ይኸን ሁሉ ዘመን የሠራሁላት ወጥ ይጥማት ነበር?"

ሀስና አመነታች። "እውነቱን ልንገራት?" አለችው ሲራክን። ከዚያ እጆቿን አነሳች። "ጨው ይበዛበታል። ሁልጊዜ!"

ነርሷ ሳቀች፤ ኡበይደላም፣ አብሮ የመጣው ተሳፋሪም ሳቁ። ሁሪያ ግን ከሁሉም በላይ ሳቀች። እስኪመሽ ድረስ ሌላም ብዙ ጠየቀች፤ ሲራክ ሥራውን ትቶ አስተረጎመላት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሁሪያ ከአስር ሰላት በኋላ መነጽሯን አድርጋ ስልኩ ፊት መቀመጥ ጀመረች። ብሌን ከወልድያ ታሳያታለች፤ እሷ በደነደኑ ጣቶቿ ትከተላታለች። የባጃጅ ተራው ልጆችም ኡበይደላ ከሀስና የተማረውን የምልክት ሰላምታ ለመዱ። ኡበይደላ "ዱዳዋ" ማለቱን ትቶ በስሟ መጥራት ከጀመረ ወዲህ ሌላውም "ሀስና" ይላል።

ብሌን በዓመቱ መርሳ መጣች። ሀስናና እሷ ተቃቅፈው ሳይጨርሱ እጆቻቸው ወሬ ጀመሩ። ብሌን ጾም ላይ ስለነበረች ሁሪያ ምስር ሠርታለች። በሩ ላይ ቆማ ስትለማመደው የሰነበተችውን በጣቷ አለች፦ "እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ።" መጨረሻውን ግን ሳተችውና "ልጄ" ለማለት "ዶሮዬ" አለቻት። ሀስና በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈች። ብሌን ወደ ሁሪያ ቀረበችና ሁለቱን እጆቿን ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ አስተካከለችላት። ሁሪያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።