በሁዳዴ የወለደች ድመት

አማቴ ቤት የማይጾም ፍጡር አልነበረም። ሰው ይጾማል፣ ውሻው ይጾማል፣ ድመቷም ትጾማለች። ሁዳዴ ሊገባ ሲል የወተት ቅሎችና የሥጋ ድስቶች በአመድ ተፈትገው ቆጥ ላይ ይደፋሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ በዚያ ግቢ ቅቤ ሸተተኝ የሚል ሰው ቢገኝ ከባድ ምርመራ ይጠብቀዋል። እኔ ከአዲስ አበባ ሰበታ ድረስ በሙሽርነት ስመጣ ጾም የማውቅ መስሎኝ ነበር።

አማቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የእህል ንግዱን በራሳቸው እጅ የያዙ ሴት ናቸው። ከተጂና ከተፍኪ በጭነት መኪና የሚመጣው ጤፍ ከቤታችን ጀርባ ባለው መጋዘን ይራገፋል፤ እሳቸው ያዛሉ፣ ባለቤቴ ይታዘዛል። ባለቤቴ ከእናቱና ከሚስቱ መካከል መምረጥ ግድ ሲሆንበት ጅማ መንገድ ዳር ወጥቶ የሚያልፍ የሚያገድመውን መኪና ያያል። በትዳራችን የመጀመሪያ ዓመት ብዙ መኪና አይቷል።

ያን ሁዳዴ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ሌላዋ እርጉዝ ግድግዳ ልሶ መብላት ያምራታል፤ እኔን ያማረኝ ወተት ነው። ለአማቴ ብነግራቸው፣ እሳቸው ልጆቻቸውን ሁሉ አንድም ቀን ሳይገድፉ እንደተሸከሙ ነገሩኝና ወሬውን ዘጉት። የነፍስ አባታችን ቢፈቅዱልኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ለአባ ጉዳይ የሚያቀርቡት አማቴ ብቻ ናቸው፤ እኔም በካህን ፊት ስለ ሆዴ ማውራት አፍር ነበር። ስለዚህ ሽሮ በላሁ፣ ተልባ ጠጣሁ፣ ራሴን እያዞረኝ ግድግዳ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ባለቤቴም ነገሩ ቢያሳስበው መኪና ሊያይ ወጣ።

ድመቷ ከእኔ ትሻላለች። በቅበላው የወደቀውን ጅማትና አጥንት ሁሉ ለቃቅማ ስታበቃ፣ ሰኞ ጠዋት ጾሙ ሲገባ መጋዘኑ ውስጥ ባዶ ጆንያ ላይ አራት ወለደች። ዓይናቸው ሳይገለጥ ሰው ካያቸው እናታቸው ትበላቸዋለች ብለው አማቴ ማንም ወደዚያ ዝር እንዳይል ከለከሉ። ሄጄ አየኋቸው። አልበላቻቸውም፤ ብትበላቸውም አልፈርድባትም ነበር፤ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ ነገር አይቼ አላውቅም። ዓይናቸው የተሰፋ ይመስላል፣ ጆሯቸው ከጭንቅላታቸው ጋር ተጣብቋል፣ እግር አላቸው ግን በሆዳቸው ነው የሚሳቡት። አያዩም አይሰሙም፤ ጡቷን የሚያገኙት በማሽተትና በሙቀት ብቻ ነው። እናታቸው ከሥር ካልላሰቻቸው መሽናት እንኳን አያውቁበትም። ሆዴን ያዝኩና፣ አንተም እንዲህ ሆነህ ከመጣህ አስቀድመህ ንገረኝ አልኩት።

ለአራሷ የቀረበላት ሽሮ ፍትፍት ነበር። አሸተተችው፣ እኔን አየችኝ፣ ፊቷን አዞረች። አይጥ ግን አልተከለከለችም። አይጥስ ሥጋ አይደለም ወይ ብዬ አማቴን ብጠይቃቸው፣ እሱ ሥራ ነው እንጂ ምግብ አይደለም አሉኝ። ችግሩ፣ አራስ ድመት ጨቅላዎቿን ጥላ ለሥራ ብዙ አትወጣም። እየከሳች ሄደች፤ እነሱም ባዶ ጡት እየጎተቱ ያለቅሳሉ።

የእነዚያን ድመቶች ዕድሜ የማስታውሰው በሁዳዴ ሰንበቶች ስም ነው። በቅድስት ትንሽ ወፈር ብለው ግን ገና ዕውሮች ነበሩ። በምኩራብ ዓይናቸው ተገለጠ፤ ሁሉም ሰማያዊ ዓይን፣ ሁሉም ግራ የገባው። ጆሯቸውም ቀና አለ። በዚያ ዕለት ጌታ ነጋዴዎቹን ከቤተ መቅደስ ማስወጣቱ ሲሰበክ አማቴ እንደ እህል ነጋዴነታቸው በየዓመቱ ቅር ይላቸዋል። በዚያ ዓመት ግን የባሰ መጣ፤ በማግሥቱ ድመቷ በገዛ ፈቃዷ ከመጋዘኑ ወጣች። ማጅራታቸውን በአፏ እየያዘች አንድ በአንድ አጥሩን አሻግራ ጎረቤት ቤት አስገባቻቸው።

ጎረቤቶቻችን ጨርቅና ጨው የሚነግዱ ሙስሊሞች ናቸው። በሁዳዴ ወተት ሻጯ ኦሮሞ ሴት በእኛ በር ስታልፍ "አካም ቡልቴ" ብላ የማለዳ ሰላምታ ብቻ ሰጥታኝ ትሄዳለች፤ ቅሏን የምታወርደው እነሱ ደጃፍ ነው። ድመቷ ይህን ሁሉ ልብ ብላ ኖሯል።

"ካደች" አሉ አማቴ። ከጎረቤቶቹ ጋር ጠብ የላቸውም፤ እሳት ይዋዋሳሉ፣ ይጠያየቃሉ። ያንገበገባቸው ሽሯቸው መናቁ ነው።

በመጻጉዕ ሰሞን የድመቷን ግልገሎች ለማየት ጎረቤት ሄድኩ። እንደ ወንጌሉ ሽባ ተነሥተው ሄደዋል፤ አልጋቸውን ግን አልተሸከሙም። የኋላ እግራቸው ከፊተኛው ጋር ሳይማከር ይነሣል፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ይወድቃሉ፤ የወደቁት ሌላ ሰው ገፍቷቸው ይመስል እርስ በርስ ይቆጣሉ። ሆዳቸው ሞልቷል። የቤቱ እመቤት ሆዴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ወተት በኩባያ ቀድታ አቀረበችልኝ። አልጠጣሁም። እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የፈራሁት አማቴን ነው። ድመቷ ግን እግሬ ሥር ድርሻዋን ጠጥታ ጢሟን ላሰች። በድመት ቀናሁ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

በደብረ ዘይት፣ ስለ ጥርስ ማፋጨት በሚነበብበት ሰንበት፣ የእነሱ ጥርስ ወጣ። እየተናከሱ፣ ጭራቸውን እያባረሩ፣ የሌለ ጠላት ላይ ጀርባቸውን እየቀሰሩ መዋል ጀመሩ። እናታቸውም ማስተማሩን ተያያዘችው፤ መጀመሪያ የሞተ አይጥ ታመጣለች፣ ቀጥላ በግማሽ የሞተ፣ ያውም ከጎረቤት ሱቅ የተያዘ። የእኛዎቹ አይጦች ታዲያ ሠርግ ላይ ናቸው። በጠራራ ፀሐይ ጆንያ ቀድደው ጤፍ ሲያፈሱ አማቴን አይተው እንኳን አይሸሹም። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንስራ ሳነሣ ወድቄ ራሴን ሳትኩ። ግልገሎቹ ፋሲካ ላይ ጡት እንደሚጥሉ አውቃለሁ፤ እኔ ፋሲካ ላይ ምን ይዤ እንደምደርስ ግን አላውቅም ነበር። ልጁ ሆዴ ውስጥ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ።

በዚያ ሳምንት አማቴ የነፍስ አባታችንን አስጠሩ። ለእኔ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ለድመቷ ነው።

አባ ከቅዳሴ መልስ መጥተው ተቀመጡ፣ እኔ ጠላ እቀዳለሁ፣ ባለቤቴ ጥግ ይዟል። አማቴ ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። ድመቷ በጾም ወተት ጠጥታለች፤ የእስላም ሥጋም ሳትቀምስ አልቀረችም። አሁን መጋዘኑ በአይጥ ሊያልቅ ነው። ትመለስ ቢባል የቤቱን ዕቃ ታረክሳለች ወይ? ጠበል ቢረጩባትስ ይበቃል ወይ? አባ እስከቻሉት ድረስ ኮስተር ብለው አዳመጡ።

"ያልተጠመቀች ምን ትክዳለች?" አሉ በመጨረሻ። "ደግሞም አራስ ናት። አራስ አትጾምም። መልሻት፣ ወተትም ስጫት።"

ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከዚያ በፊት በአባ ፊት ድምፄን አሰምቼ አላውቅም።

"አባቴ፣ እርጉዝስ?" አልኩ።

አባ ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴንና የምደገፍበትን ግድግዳ አይተው ወደ አማቴ ዞሩ።

"ስለ ድመትሽ ጠየቅሽኝ" አሉ በለሰለሰ ድምፅ። "ስለ ምራትሽ ግን አልጠየቅሽኝም።"

ባለቤቴ ተነሥቶ መኪና ሊያይ ወጣ። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው አባን እንደተቀመጡ ትተው በጓሮ በኩል ሄዱ። የተቆጡ መሰለኝ። ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ ግልገሎቹን በእንቅብ ታቅፈዋል፤ እናቲቱ እየጮኸች ትከተላለች፤ ጎረቤታችንም ቅል ሙሉ ወተት ይዛ ከኋላ መጣች። አማቴ ከቆጡ ላይ የተደፋውን ኩባያ አወረዱ፣ ወተቱን ሞሉበትና ሰጡኝ።

"ጠጪ" አሉኝ። "እኔ ስድስት ልጅ በሽሮ ተሸክሜ ሁለት ነው ያደገልኝ። ለእኔ አባን የጠየቀልኝ አልነበረም።"

እያለቀስኩ ጠጣሁት። ድመቷ እግሬ ሥር መጥታ ትጮህ ጀመር፤ ከሥር የቀረውን ልሰጣት ጎንበስ ስል አማቴ ክንዴን ያዙኝ።

"ጨርሺው" አሉ። "የእሷ ሌላ አለ።"